የስልኩ ካሜራ ያየው እና የገመተው

በፋኩልቲያችን ቤተ ሙከራዎች ተማሪዎች የእጅ ስልካቸውን በማይክሮስኮፕ መመልከቻ ላይ ደቅነው ፎቶግራፍ ሲያነሱ፣ ምስሉንም በዘገባቸው ውስጥ እንደ ማስረጃ ሲያቀርቡ ማየት የተለመደ ሆኗል። ስልኩ ሳናስበው የመለኪያ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው። የመለኪያ መሣሪያ ደግሞ ሳይመረመር አይታመንም፤ እኛም ውድ ስልኮችን እንደ ሸማች ብቻ ሳይሆን እንደ ሳይንስ ሰዎች ልንመዝናቸው ይገባል እንላለን።

ለዚህ የመረጥነው በ2024 እ.ኤ.አ. መግቢያ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ በ1,299 ዶላር መነሻ ዋጋ ለገበያ የቀረበውን ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ24 አልትራን ነው። ከእርሱ በኋላ ተተኪ ወጥቷል። ይሁን እንጂ የውድ ስልኮችን አሠራርና አነጋገር አሟልቶ የያዘ ናሙና በመሆኑ ለውይይታችን ይበቃል።

በቅርጹ እንጀምር። በቀደመው ዓመት ስልክ አሉሚኒየም የነበረው ክፈፍ በዚህኛው ቲታኒየም ሆኗል፤ ማስታወቂያውም ይህንኑ ስም አጉልቶ አውጥቶታል። እንደሚታወቀው የአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ቲታኒየም ክብደት 4.5 ግራም ሲሆን የአሉሚኒየም 2.7 ግራም ብቻ ነው። አፕል በ2023 ቲታኒየምን ሲመርጥ የተካው ከሁለቱም የሚከብደውን የማይዝግ ብረት ስለነበር የፕሮ ስልኩ ክብደት ከ206 ወደ 187 ግራም ወረደ። እዚህ ግን የተተካው አሉሚኒየም ነውና 232 ግራም የሚመዝነው ስልክ ከቀዳሚው የተለየው በአንድና በሁለት ግራም ነው። የቲታኒየም ጥንካሬ አይካድም፤ ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው ግን ከአሉሚኒየም በብዙ ያንሳል። አፕል ራሱ በ2025 የፕሮ ስልኩን ወደ አሉሚኒየም ሲመልስ ሙቀትን ማስወጣትን እንደ ጥቅም መጥቀሱ የሚያስፈግግ ነው። ከቅርጹ ይልቅ አንባቢ እንዲይዝልን የምንፈልገው የስልኩን ውፍረት ነው፤ 8.6 ሚሊ ሜትር። ወደ ካሜራው ስንደርስ እንመለስበታለን።

ስክሪኑ ባለ 6.8 ኢንች ሲሆን በአንድ ኢንች ውስጥ 505 ያህል የምስል ነጥቦችን፣ በተለምዶ ፒክስል የሚባሉትን፣ ይደረድራል። ጤናማ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው በመካከላቸው የአንድ ዲግሪ 60ኛ ያህል ማዕዘን ሲኖር ነው። ይህም በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሲሰላ በአንድ ኢንች 290 ነጥብ ገደማ ይሆናል። ከዚያ በላይ ያለው በአብዛኛው ለዓይን ሳይሆን ለማስታወቂያ ወረቀት ነው። ኩባንያውም የሚያውቀው ይመስላል፤ ስልኩ ከፋብሪካ ሲወጣ የተስተካከለው ከከፍተኛው ባነሰ ጥራት ሲሆን ብዙ ባለቤቶች ሳይቀይሩትና ሳይጎድልባቸው ይኖራሉ።

ስለ ብሩህነቱ ግን ዘለግ አድርገን መናገር እንፈልጋለን። ኩባንያው ስክሪኑ እስከ 2,600 ኒት ይደርሳል ይላል፤ ኒት ከአንድ ካሬ ሜትር ገጽ የሚወጣ የአንድ ካንዴላ ብርሃን ነው። ለመሆኑ በቀትር ፀሐይ ስልክ ማንበብ የሚያስቸግረን የስክሪኑ ብርሃን ስላነሰ ብቻ ነውን? አይደለም። ተራ መስታወት ቀጥ ብሎ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን መልሶ ወደ ዓይናችን ይልካል። በስክሪኑ ላይ የሚንጸባረቀው ደማቅ ደመና 10,000 ኒት ነው ብንል 400 ኒት በጥቁሩም በነጩም ላይ እኩል ይጨመራል። ስለዚህ ነጩ 1,000 ኒት ቢሆን ከጥቁሩ የሚደምቀው በ3.5 እጥፍ ብቻ ነው። ብሩህነቱን እስከ 2,600 ብንገፋው ልዩነቱ 7.5 እጥፍ ይደርሳል፤ ባትሪው ግን ዋጋውን ይከፍላል።

ይህ ስልክ የተለበሰበት አዲስ መስታወት ነጸብራቅን እስከ 75 በመቶ ይቀንሳል ተብሏል። ይህ እውን ከሆነ 400 የነበረው 100 ይሆንና፣ ያው 1,000 ኒት ያለው ነጭ ከጥቁሩ 11 እጥፍ ይደምቃል። አንዲትም ተጨማሪ ብርሃን ሳትበራ! በእኛ እምነት የዚህ ስልክ ምርጥ ሥራ ይኸው መስታወት ነው። እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ከጠራ ሰማይ ሥር ለሚኖር ሰው ከማንኛውም ቁጥር ይልቅ የሚጠቅመው እርሱ ነው።

አሁን ወደ ካሜራዎቹ እንለፍ። ዋናው ካሜራ 200 ሚሊዮን ፒክስል አለው ይባላል፤ አለውም። ነገር ግን የእያንዳንዱ ፒክስል ስፋት 0.6 ማይክሮ ሜትር ሲሆን የአረንጓዴ ብርሃን የሞገድ ርዝመት 0.55 ማይክሮ ሜትር ነው። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ወደ ጎን ስለሚሠራጭ፣ ፍጹም የሆነ ሌንስ እንኳ አንዲትን የብርሃን ነጥብ እንደ ነጥብ ሊያሳርፋት አይችልም። በዚህ ሌንስ ያቺ ነጥብ 2.3 ማይክሮ ሜትር ያህል ስፋት ያላት ክብ ትሆናለች፤ ማለትም ወደ አራት ፒክስል ጎን ለጎን ትሸፍናለች። በመሆኑም ስልኩ በተለመደው አሠራሩ አራት በአራት የሆኑ 16 ፒክስሎችን አጣምሮ የ12.5 ሚሊዮን ፒክስል ምስል ይሰጣል። እነዚያ 16 ጎረቤቶች ከመነሻውም የሚጋሩት አንድ የቀለም ማጣሪያ ነው። በጠራ ፀሐይ ከዚህ የተሻለ ዝርዝር ማውጣት ይቻላል፤ 200 ሚሊዮን የተለያየ መረጃ ግን አይገኝም። ይህ ስድብ አይደለም፤ መሐንዲሶቹ በብልሃት የሠሩት ሥራ ነው። የሚያሳዝነው ገበያተኛው የመሐንዲሱን ብልሃት ትቶ ቁጥሩን መሸጡ ነው።

እውነተኛው ጭንቀታችን የሚጀምረው ሩቁን በሚያቀርበው ካሜራ ላይ ነው። በቀጭን ስልክ ውስጥ ረጅም ሌንስ ለማስቀመጥ ብርሃኑ በፕሪዝም 90 ዲግሪ ታጥፎ በስልኩ አካል ውስጥ በጎን እንዲጓዝ ይደረጋል። በዚህ ዘዴ ርዝመቱ ይገኛል፤ የቀዳዳው ስፋት ግን ከዚያ 8.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ጋር የታሰረ ነው። በኤስ24 አልትራም ሆነ በቀዳሚው ኤስ23 አልትራ ስሌቱ የሚሰጠን የቀዳዳ ስፋት 5.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ባለ ቀዳዳ ጨረቃን የሚመለከት መሣሪያ፣ ምንም ያህል ቢያጎላ፣ ከ47 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነገር ለይቶ ማየት አይችልም። ከዳር እስከ ዳር ጨረቃ ለእርሱ ከ70 እስከ 75 ክፋዮች ብቻ ናት ማለት ነው።

ሆኖም ስልኮቹ ከዚህ የሚበልጥ ዝርዝር ያሳዩ ነበር። በመጋቢት 2023 አንድ ተጠቃሚ የጨረቃን ምስል ሆን ብሎ አደብዝዞ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ካሳየ በኋላ፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ በኤስ23 አልትራ ፎቶግራፍ አነሳው። በስክሪኑ ላይ ያልነበሩ ጉድጓዶችና ጥላዎች በፎቶግራፉ ላይ ተገኙ። ኩባንያው አልካደም፤ ስልኩ ጨረቃን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲለይ ዝርዝሯን እንደሚያጎለብት፣ ይህም ሊጠፋ የሚችል ምርጫ መሆኑን ገለጸ። ጨረቃ ሁልጊዜ አንድ ፊቷን ብቻ ስለምታሳየን ግምቱ ብዙም አይሳሳትም። ለወዳጅ የሚላክ ፎቶግራፍ ከሆነ እኛም አንቃወምም።

የወባ ተሐዋሲ በቀይ የደም ሴል ውስጥ ቀለበት ሠርቶ ሲታይ ግን ስፋቱ ሁለት ወይም ሦስት ማይክሮ ሜትር ነው። በስልኩ ምስል ላይ ከቆሻሻ ነጥብ ብዙም አይለይም። ምስሉን የሚያጠራው ፕሮግራም ቀለበቱን እንደ ጉድፍ ቆጥሮ ቢያጠፋውስ? ወይም የቀለም ጠብታን ጠርዝ አስልቶ ቀለበት ቢያስመስለውስ? ስህተቱ የተማሪው ወይም የባለሙያው ተደርጎ ይቆጠራል፤ ስልኩ ግን አንዳች ምልክት አያሳይም። ብዥታ ቢሆን ኖሮ ተመልካቹ ይጠራጠር ነበር፤ የጠራ ስህተት ግን ጥርጣሬን ያስተኛል።

ስለዚህ አምራቾችን የምንጠይቀው ተጨማሪ ሚሊዮን ፒክስል ሳይሆን በግልጽ ቦታ ላይ ያለ አንድ ማብሪያና ማጥፊያ ነው፤ ሲጠፋ ሴንሰሩ የለካውን ብቻ የሚያስቀር። በዚህ ስልክ ያልተቀናበረውን ጥሬ ምስል ማስቀመጥ ይቻላል፤ አማራጩ ግን ፈላጊው ካልቆፈረ የሚገኝ አይደለም። በፋኩልቲያችንም በስልክ የተነሳ ምስል በዘገባ ውስጥ ሲገባ የስልኩ ዓይነትና የካሜራው አቀማመጥ ከሥሩ ቢጻፍ መልካም ነው እንላለን። ከናሙናው በፊትም በማይክሮስኮፑ ሥር መለኪያ መስመር የተቀረጸበት መስታወት ይነሳና ስልኩ መስመሮቹን በትክክል ይቆጥራቸው እንደሆነ ይታይ። ይህ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም።