የቴክኖሎጂ መንደርና የጨርጨር ልጅ

«የኢንዱስትሪ ፓርክ ለእኛስ መቼ ይሠራልናል?» የሚለው ጥያቄ በጭሮ ሻይ ቤቶችም፥ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወንበሮችም ላይ ብዙ ጊዜ ይነሣል። ጠያቂዎቹ አይፈረድባቸውም። ሐዲድ ሁለት ጊዜ በግርጌያችን አልፏል፤ ሁለቱንም ጊዜ ወደ ጨርጨር ተራራ አልወጣም። የፊተኛው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ በአፍደምና በሚኤሶ ቆላ ቆላውን ሄደ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም እንደዚያው አደረገ። ከሰበታና ከደወሌ በኩል ሥራውን የተካፈሉት የቻይና ኩባንያዎች ድንበራቸው ሚኤሶ ነበረች። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጠና ሲከፈትም ዕጣው ለድሬዳዋ ወጣ።

ይሁን እንጂ ጨርጨር ለአዲስ ነገር ባይተዋር አይደለም። ሽማግሌዎቻችን ዛሬም አሰበ ተፈሪ የሚሏት ይህች ከተማ፥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1920ዎቹ ዓ.ም. አገሩን ሲገዙ፥ ለሌሎች አርኣያ እንዲሆን የታሰበ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ስለዚህ የሚያሳስበኝ አጥሩ የት ይታጠር የሚለው አይደለም። የጨርጨር ልጅ በዚያ በር ሲገባ በእጁ ምን ይዞ ይገባል የሚለው ነው።

የሐዋሳን ነገር እንመልከት። ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ 60,000 ሰው እንዲቀጥር ታስቦ ነበር። ከገጠር የመጡ ብዙ ሴት ልጆች በስፌት መኪና ፊት ተቀመጡ። በ2011 ዓ.ም. ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት የጀማሪዋ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደ ሆነ ገለጸ፤ ሠራተኞቹም ብዙ ሳይቆዩ እየለቀቁ ይሄዱ ነበር። ከዚያም በኅዳር 2014 ዓ.ም. ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፋብሪካውን ዘጋ፤ በታኅሣሥ ደግሞ አሜሪካ ለኢትዮጵያ ዕቃ የሰጠችውን ከቀረጥ ነጻ መብት አነሣች። ለዚህ ጦርነቱም ፖለቲካውም ምክንያት ነበሩ። ነገር ግን በርካሽነቱ ብቻ የተፈለገ እጅ፥ ርካሽ እጅ በሌላ አገር በተገኘ ጊዜ ይረሳል። በእኛ በኩል እንዲያውም የጫት ማሳ ያለው ልጅ ሒሳቡን በጣቱ አስልቶ ገና ከመነሻው አይሄድም!

አሁን ወደ ታይዋን እንሻገር። የሢንቹ የሳይንስ ፓርክ የተከፈተው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980 ነው። ዛሬ የዓለም ስልክና ኮምፒዩተር ልብ የሚሠራው በዚያ አካባቢ ነው። ታዲያ ሰዎቹ በአጥር አልጀመሩም። በ1973 የኢንዱስትሪ ምርምር ተቋም አቋቋሙ፤ በ1976 ወጣት መሐንዲሶችን አር.ሲ.ኤ. ወደሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ልከው ሥራውን በእጃቸው እንዲማሩ አደረጉ። ፓርኩ ሲከፈት ሠራተኛው ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር፤ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎችም በጎኑ ነበሩ። ዝነኛው ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. የተወለደው ከዚያ በኋላ፥ በ1987 ነው።

በእኛም አገር አዲስ አበባ፥ በጎሮ በኩል የአይሲቲ ፓርክ አለ፤ በግቢውም የዳታ ማዕከሎች ተሠርተዋል። የዳታ ማዕከል ማለት ሌት ተቀን የማይጠፉ ኮምፒዩተሮች የተደረደሩበት አዳራሽ ነው። ኮምፒዩተሮቹ ይግላሉ፤ ስለዚህ ያለማቋረጥ መቀዝቀዝ አለባቸው። መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ ወዲያው መነሣት አለበት። ወጣት አንባብያን ሆይ፥ እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ በዚያ አዳራሽ የሚፈለገው ፕሮግራም የሚጽፈው ብቻ አይደለም። ኤሌክትሪሲቲ የሚያውቀው፥ የማቀዝቀዣ መኪና የሚጠግነው፥ ጄኔሬተር ፈትቶ የሚገጥመውም ጭምር ነው። ይህ ደግሞ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሚገኝ ትምህርት ነው።

ነገር ግን ኮሌጁን ውጤት ላልመጣለት የተተወ አድርገን እንቈጥረዋለን። ዲግሪ ይዞ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ማኅተም የሚመታው ይከበራል፤ እጁ ግራሶ የነካው ግን ሚስት ለማግኘት እንኳ አማላጅ ያበዛል። (በየቢሮው ያላችሁ ወዳጆቼ አትቀየሙኝ፤ እኔም የምተዳደረው በጠመኔ ነው።) ጭሮ ዛሬ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ አላት። ዩኒቨርሲቲውና የሙያ ኮሌጆቹ አንድ ወርክሾፕ ቢጋሩ፥ የገለምሶና የበዴሳ ልጅ ሞተርን በሥዕል ከማየት አልፎ ፈትቶ ቢያየው፥ ፓርክ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም ነበር።

ከተማሪዎቼ አንዱ፥ የተበላሸ ሬዲዮ ሁሉ ወደ እሱ የሚሄድ ልጅ፥ በቀደም ዕለት ቀርቦ «መምህር፥ የፍሪጅ ጥገና ልማር ብዬ ነበር፤ አባቴ ግን ‹ለዚህ ነው ወይ አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርኩህ?› አሉኝ» አለኝ። አባቱ የሚኖሩት ሂርና ነው። ቅዳሜ የገበያ መኪና ስለማይጠፋ ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ።