ልጃችሁን ሌሊት የሚያስጮኸው ፊልሙ ሳይሆን ማስታወቂያው ቢሆንስ?

ስለ አስፈሪ ፊልም ሐኪም ምን አገባት ትሉኝ ይሆናል። ያገባኛል፤ ጣጣው የሚመጣው ወደ እኔ ነውና። አልጋ ላይ መሽናት ካቆመ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና የጀመረ ልጅ፣ ብቻዬን አልተኛም የምትል ልጅ፣ በየጠዋቱ «ሆዴን» የሚል ተማሪ ይዘው ከአምቦም፣ ከጉደርም፣ ከጊንጪም የሚመጡ ወላጆች አሉ። ሽንት እንመረምራለን፣ ሰገራ እናያለን፣ ምንም የለም። «በስልክ ምን ያያል?» ስል መልሱ ብዙ ጊዜ «ኧረ ዶክተር፣ እኛ ፊልም አናሳየውም!» ነው። እውነታቸውን ነው፣ ልጁ ፊልም አላየም። ያየው የፊልሙን ማስታወቂያ፣ ትሬለሩን ነው።

እኔ ደግሞ ለትንሽ ልጅ ትሬለሩ ከፊልሙ ይብሳል ባይ ነኝ።

ፊልሙ አንድ ሰዓት ተኩል አለው። ያስፈራል፣ ያሳርፋል፣ መጨረሻ ላይም ብዙውን ጊዜ ጭራቁ ይሸነፋል። ትሬለር የሚሸጠው ፍርሃቱን ብቻ ነው፤ አሠራሩም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ደስተኛ ቤተሰብ አዲስ ቤት ይገባል። ድምፁ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የልጆች መዝሙር በጣም ቀስ ብሎ ይሰማል፤ በር ሲጢጥ ይላል። ልጃችሁ ምን እንደሆነ ለመስማት ጆሮውን ወደ ስልኩ ያስጠጋል። አንድ ነገር ዘሎ ይወጣል፤ ድመት ነው፤ እፎይ ይላል። ዋናው የሚመጣው ልክ እፎይ ባለበት ሰዓት ነው። ከዚያ ምስሎቹ ይፈጥናሉ፣ ጩኸቱ ይበረታል፣ ድርግም ብሎ ይጨልምና የፊልሙ ስም ይወጣል። አለቀ ሲባል አንድ የመጨረሻ ማስደንገጫ ተጨምሮ እዚያው ይቆረጣል። ጭራቁ ሲሸነፍ ማየት የፈለገ ፊልሙን ይግዛ ነው ነገሩ።

ድንገተኛ ጩኸት ሲሰማ ሰውነት ሳያስብ ይደነግጣል፤ አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይመታል። አዋቂ ሰው «ፊልም እኮ ነው» ብሎ ይረጋጋል። ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን እውነቱንና ፈጠራውን ገና በደንብ አይለይም። ደግሞ የሚያስፈሩት ነገሮች የራሱ ናቸው፦ አሻንጉሊቱ፣ አልጋው ሥር፣ ቁም ሳጥኑ። በእኛ ከተሞች የብዙ ሰው ሽንት ቤት ከቤት ውጭ፣ ግቢ ውስጥ ነው። ያንን ያየ ልጅ በጨለማ ብቻውን ይወጣል? ይይዘዋል፣ እንቅልፍ ሲወስደው ያመልጠዋል፣ ጠዋት ይገረፋል። ግርፊያውን እባካችሁ ተዉት።

ድሮ ማስታወቂያውን የሚያየው ፈልጎ የመጣ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 አልፍሬድ ሂችኮክ ለ«ሳይኮ» ፊልሙ ያሠራው ማስታወቂያ ከ6 ደቂቃ በላይ ሲሆን፣ ዳይሬክተሩ ራሱ እየተዘዋወረ ቤቱን ያስጎበኛል። ተመልካቹ ትኬት ቆርጦ ሲኒማ ቤት የገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ለ«ዘ ነን» ዩቲዩብ ላይ የተለቀቀው ግን የጥቂት ሰከንድ ነው። የስልክ ድምፅ ሲቀነስ የሚመጣው ምልክት ይታያል፣ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ የመነኩሲቷ ፊት እየጮኸ ድንገት ይደቀናል። ሌላ ቪዲዮ የከፈቱ ሰዎች አማረሩ፤ ዩቲዩብም አስደንጋጭ ይዘትን የሚመለከተውን ደንብ ጥሷል ብሎ አነሳው። ፊልሙን አሜሪካ ውስጥ ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ አዋቂ ሲኒማ ቤት ገብቶ አያይም። ማስታወቂያው ዕድሜ አልጠየቀም። እንዲህ ያለ ቅንጥብ አይቶ፣ ቤተ ክርስቲያን ያሉ እማሆይ ሲመጡ እናቱ ነጠላ ውስጥ የሚሸጎጥ ልጅ ገጥሞኛል።

«እኛም በጅብ እየተፈራራን ነው ያደግነው» የሚሉኝ አባቶች አሉ። ልክ ናችሁ፤ ግን ልዩነቱን ተመልከቱ። በኦዱ ዱሪ ዋራቤሳው ያስፈራል፣ ብዙ ጊዜ ግን በመጨረሻ ይሞኛል። ተራኪዋ አያት ናት፤ የልጁን ፊት አይታ ድምጿን ታለሳልሳለች። ስልክ የልጅ ፊት አያይም። የማልቀበለው ደግሞ «ተኛ፣ አለዚያ ያቺን ሴትዮ እጠራታለሁ» እያሉ ቅንጥቡን ማስፈራሪያ ማድረግን ነው። (ለጎረምሶቹ ብዙም አልጨነቅም። እኔም ከእህቴ ጋር ትራስ አቅፌ አያለሁ።)

ታዲያ ምን እናድርግ? ቪዲዮዎች በራሳቸው እንዳይከታተሉ ስልኩ ላይ አጥፉት፤ ለትንንሾቹ አውርዳችሁ ያያችሁትን ብቻ ስጡ። ማታ ከመኝታ በፊት ስልክ ይቅር። ልጁ አይቶ ከደነገጠ «ወንድ አይፈራም» አትበሉት፤ ያየውን ይንገራችሁ፣ ስሙት። ከ8 ዓመት በላይ ከሆነና እሱ ራሱ ከፈለገ፣ በቀን ብርሃን አብራችሁ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። ድምፅ ሲወጣለት ትሬለር እንዴት እንደሚያስቅ ልጁ ራሱ ይነግራችኋል። ለጥቂት ሌሊት ሽንት ቤት አድርሱት፣ መብራትም ተዉለት።

አንድ ነገር እንዳታምታቱ። በቅዠት የነቃ ልጅ ያየውን ያስታውሳል፣ ያቅፋችኋል። ተኝቶ አንድ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ዓይኑን ከፍቶ እየጮኸ የማያውቃችሁ፣ ጠዋትም ምንም የማያስታውስ ከሆነ የሌሊት ሽብር የምንለው ነው፤ ብዙ ጊዜ ልጁ ሲያድግ ይተወዋል። በግድ አትቀስቅሱት፣ እንዳይወድቅ ብቻ ጠብቁት። «ለክፎታል» ብላችሁ ጸበል ብትወስዱት አልቃወምም፤ ነገር ግን እጅ እግሩ የሚንቀጠቀጥ፣ ምላሱን የሚነክስ ከሆነ፣ ሽንቱ ቀንም የሚያመልጠው ወይም ሲሸና የሚያቃጥለው ከሆነ፣ ውኃ ጥሙ ከበዛና ከከሳ፣ ወይም ፍርሃቱ ከአንድ ወር አልፎ ትምህርት ቤት አልሄድም ካለ ወደ ጤና ተቋም አምጡት። ምላስ መንከሱንና መንቀጥቀጡን ካያችሁ በዚያው ቀን፣ ጥሙንና መክሳቱን ካያችሁም እንደዚያው።