ሳይቃጠል በቅጠል

እንደሚታወቀው በዛሬው ዘመን የሰርጉና የክርስትናው ፎቶግራፍ፥ የአያቶቻችን ድምፅ፥ የይዞታ ማረጋገጫው ግልባጭ፥ የእኛም የተማሪዎቹ ማስታወሻ በብዙ ቤት የሚገኘው በአንድ ስልክ ውስጥ ነው። ስልኩ የተሰረቀ ወይም የተሰበረ ዕለት የቤቱ ታሪክ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አቅም ያለው ቤተሰብ ከራውተር ጋር በገመድ የሚገናኝ ሐርድ ዲስክ ቢገዛ መልካም ያደርጋል።

ይህ መሣሪያ በቤቱ ዋይፋይ አማካይነት በአባትም፥ በእናትም፥ በልጆችም ስልክ ያለውን ሁሉ ተቀብሎ ያስቀምጣል። ኢንተርኔት ቢቋረጥ እንኳ መብራት እስካለ ድረስ ይሠራል። አንዱ ፎቶግራፍ 4 ሜጋባይት ቢሆን፥ 1 ቴራባይት የሚይዝ ዲስክ 250,000 ያህሉን ይችላል። ሁለት ዲስክ ያለውን ሳጥን በአንዱ የተጻፈውን በሌላው እንዲደግም ማድረግ ስለሚቻል፥ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል።

ሆኖም እንደ እኔ አስተያየት ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ዲስኮች ያሉት በአንድ ሳጥን፥ ሳጥኑም ያለው በአንድ ቤት ነው። ሌባ ቢገባ፥ እሳት ቢነሣ፥ ወይም የመብራቱ ኃይል ድንገት ከፍ ቢል ሁለቱም በአንድ ቀን ሊጠፉ ይችላሉ። ሕፃን በስሕተት የደመሰሰውም ከሁለቱም ላይ ይደመሰሳል።

የጎንደር ልጅ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ከተማችንን ሲያቃጥሉ ከጥፋቱ ከተረፉት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። በእንዲህ ያለው ቃጠሎ፥ በቁም ጸሐፊ ተገልብጦ በሌላ ደብር የተቀመጠ መጽሐፍ ቃሉ ይተርፋል፤ ግልባጭ የሌለው ግን አመድ ሆኖ ይቀራል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. የአገራችን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም መነሣት ሲጀምሩም፥ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፥ ሌላው በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ፥ ኮሌጅቪል በሚገኘው ገዳም እንዲቀመጥ ተደረገ። ይህን ያህል ርቀት ለከንቱ አልተመረጠም።

«ዋጋው ውድ ነው» የሚሉ ወላጆች እውነት አላቸው። ነገር ግን ቁም ነገሩ ከመሣሪያው ይልቅ በልማዱ ላይ ነው። አንድ ተራ ሐርድ ዲስክ ገዝቶ፥ በየወሩ ገልብጦ፥ በደባርቅ ወይም በዳባት ባለ ዘመድ ቤት የሚያስቀምጥ ሰው፥ ትልቁን ሳጥን ሳሎን አስቀምጦ ከሚተኛው ሰው ይልቅ ንብረቱን ጠብቋል። ትልቁን የገዛም ቢሆን ሁለተኛውን ቅጂ ከቤቱ ማራቅ ይገባዋል።

እንግዲህ የትምህርት ጓደኞቼ ሆይ፥ ወላጆቻችን ለእኛ ብዙ ደክመዋል፤ ይህ ሥራ ግን የእኛ ድርሻ ነው። ክረምቱ ሳያልፍ እያንዳንዳችን የቤታችንን ፎቶግራፍና ጽሑፍ ሰብስበን በሁለት ቦታ እናስቀምጥ። የአያቱን ድምፅ ያጠፋ ልጅ ከየትኛውም ሱቅ ሊገዛው አይችልምና።