ለአዲስ አበባ ሙዚየሞች፦ ከቦታችሁ ሳትነቃነቁ ስለጠበቃችሁን

ለአዲስ አበባ ሙዚየሞች፣ በውስጣቸውም ለምታገለግሉ ሁሉ፤

እኔና ባለቤቴ የአርባ ምንጭ ነዋሪዎች ነን። በሶዶ፣ በሆሳዕናና በቡታጅራ አድርገን በመኪናችን ወደ ሐረር ስንጓዝ አንድ ሙሉ ቀን ለእናንተ ሰጠን። መኪናችንን ካረፍንበት ግቢ አቁመን ከስድስት ኪሎ እስከ መስቀል አደባባይ በእግራችን ወረድን። ያየናቸው ዕቃዎች ብዙ ናቸው፤ ብዙዎቹንም በመጽሐፍ እናውቃቸው ነበር። እኔ ከሁሉ በላይ የማመሰግናችሁ ግን ታሪኩ በተፈጸመበት መሬት ላይ ቆማችሁ ስለጠበቃችሁን ነው። ያንን በመኪና ብናልፍ ኖሮ ልብ አንለውም ነበር።

ጉዟችንን የጀመርነው ከኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው የሚመላለሱበት ግቢ ድሮ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ነው። ኢትዮጵያ 30 ሺህ ያህል ልጆቿን አጣሁበት ብላ የምታስበው ጭፍጨፋም የተነሣው ከዚሁ ነው። ወደ ሙዚየሙ የሚገባ ሰው የሚረግጠው ያንን መሬት ነው። ከሕንፃው ፊት ለፊት ደግሞ የትም የማያደርስ ደረጃ ወደ ሰማይ ተጠምዝዞ ቆሟል። ጣሊያኖች ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ዘመን ጀምረው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን እያሉ የሠሩት ነው። ነጻነት ሲመለስ አባቶቻችን አላፈረሱትም፤ ከጫፉ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ አቆሙበት። ባለቤቴ ከሥሩ ቆሞ አንጋጦ ብዙ አየው፤ በመጨረሻም «ይህን ያሰበ ሰው ነፍሱን ይማረው» አለ። እኔም አሜን አልኩ። ድል እንዲህ በአንዲት አንበሳ ብቻ ሲነገር ሌላ ቦታ አይቼ አላውቅም።

ውስጡንም የምወድበት ምክንያት አለኝ። ብዙ ሙዚየም ሕዝቡን በየብሔረሰቡ ለይቶ በየመስታወቱ ያስቀምጣል። እዚህ ግን ክፍሎቹ የተደረደሩት በሰው ዕድሜ ነው፤ ከልጅነት ይነሣሉ፣ ጉልምስናን ያልፋሉ፣ ሞት ጋ ይደርሳሉ። የአፋሩም፣ የጉራጌውም፣ የጎንደሬውም ልጅ አብሮ ይወለዳል፤ አብሮም ያድጋል። ከሞት ክፍል ስንደርስ የኮንሶ ዋካ አገኘን። ኮንሶ ለእኛ ጎረቤት ነው፤ ለጀግና መታሰቢያ የሚቆሙትን እነዚያን የእንጨት ምስሎች በአገራቸው አይተናቸዋል። ጥርሳቸውን ገልጠው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው ዋና ከተማው መካከል ሲቀበሉን የአገር ሰው ያገኘን ያህል ደስ አለን። ከፎቅ ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ክፍል ከነመታጠቢያው እንዳለ ነው። ግቢው በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ፤ የአልጋው ክፍል ግን ባለበት ቀረ። ገበሬው ዕርፍና ሞፈሩን፣ ደብተራው መቋሚያውን፣ ንጉሡ አልጋቸውን ይዘው በአንድ ጣሪያ ሥር አሉ።

ከግቢው ስንወጣ የየካቲት 12 ሐውልት ከአደባባዩ መካከል ይታያል። ከእርሱ ቁልቁል ጥቂት እንደተራመድን አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ደረስን። ምድር ቤት የምትገኘውን ድንቅነሽን ለማየት ሰው ሁሉ ይቸኩላል፤ እኛም ቸኮልን። በመስታወቱ ውስጥ ያለው ቅጂዋ ነው፤ ዋናው አጥንቷ ተጠብቆ ተቀምጧል። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ስትገኝ ከአጽሟ ወደ 40 በመቶ የሚሆነው ተሰብስቧል። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። እኔን የያዘኝ ግን ጉልበቷና ዳሌዋ ነው። በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ትራመድ እንደነበር የመሰከሩት እነርሱ ናቸውና፣ እግሬ ደክሞኝ ከፊቷ ስቆም አከበርኳት። ከላይ ያለውን ግዙፍ የእንጨት ዙፋንና ከሐውልቲ የመጡትን ተቀምጠው ያሉ የድንጋይ ሴቶች አለፍ አለፍ እያልን አየን። ከእነርሱ አንዷ፣ ከቅድመ አክሱም ዘመን የመጣችው፣ እጆቿን ከጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ የቀሚሷ እጥፋት እንኳ ሳይጠፋ ተቀምጣለች። የጠረባት ባለሙያ ስሙ አልደረሰንም፤ እጁ ግን ደርሶናል።

ከዚያ አራት ኪሎ ወረድን። እዚያ የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት አለ። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ወደ ከተማቸው የተመለሱት ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ከሐዘኑ ሐውልት ተነሥቶ ድንቅነሽን አልፎ ከድሉ ሐውልት ለመድረስ ረጅም መንገድ አያስፈልግም። ይህን ታሪክ በእግሬ ሳልሄድበት ለዓመታት አንብቤዋለሁ፤ የገባኝ ግን ስሄድበት ነው።

ፒያሳ ላይ ያ የወረራና የድል ታሪክ እንደገና ተቀበለን። የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ዓድዋ የዘመተ ነው፤ ካቴድራሉንም ፋሺስቶች በ1929 ዓ.ም. አቃጥለውታል። ዛሬ በቅጥሩ ውስጥ ባለው ሙዚየም የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ ልብሶች ይታያሉ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥም የአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች አሉ። ከበሩ ውጪ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ቆሟል። ወራሪው ነቅሎት ነበር፤ ከድል በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከጎኑ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። ሰፊ ስለሆነ በግማሽ ቀን አያልቅም፤ እኛ የቻልነውን ያህል ዞረን ወጣን። ከአራት ኪሎ ፒያሳ ያለው አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊና ምቹ ነው፤ ለዚህ የደከሙትንም እናመሰግናለን። በዚያው መጠን በልጅነቴ ከእናቴ ጋር ያየኋቸው የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ የሉም። ስለዚህ እናንተ ሙዚየሞች የምትሸከሙት ከድሮው በልጧል።

መጨረሻችን መስቀል አደባባይ፣ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ነበር። በ1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቀይ ሽብርን ሲያውጁ ደም የመሰለ ፈሳሽ የተሞላ ጠርሙስ የሰበሩት በዚሁ አደባባይ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው ሙዚየምም ከዳር ሆኖ ያንን ቦታ ያያል። በሩ ላይ ሦስት ሴቶች በሐዘን ቆመዋል። ውስጥ ግድግዳውን የሞላው የወጣቶች ፎቶግራፍ ነው፤ ብዙዎቹ የተማሪ ፊት ናቸው፣ ጸጉራቸው አፍሮ፣ የሸሚዛቸው ኮሌታ ሰፊ። ከመስታወቱ ጀርባ ከጅምላ መቃብር የወጡ አጥንቶችና ከእነርሱ ጋር የተገኙ ልብሶች ተቀምጠዋል። ያስጎበኙን አባት የዚያ ዘመን መከራ በራሳቸው ላይ የደረሰባቸው ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ምንም ሳይጨምሩ ተረኩልን። ለመግቢያ ዋጋ አልተጠየቅንም፤ የፈቀደ መዋጮ ያደርግ ነበር። አባታችን፣ ያንን ቁስል ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ በየቀኑ ስለሚገልጡ እግዜር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

ከእናንተ የምንለምነው አንድ ነገር አለ። ከስድስት ኪሎ እስከ መስቀል አደባባይ አንዳችሁን ከሌላችሁ የሚያገናኝ የእግር ጉዞ ካርታ አብራችሁ አዘጋጁ፤ በየበራችሁም ስቀሉት። ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ሰው ድንቅነሽን ብቻ አይቶ እንዳይመለስ።

አዲስ አበባ የምትኖሩ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ሆይ፣ እኛ ከአርባ ምንጭ መጥተን ያየነው ከቤታችሁ በታክሲ የሚደረስበት ነው። በአንድ ቅዳሜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ከስድስት ኪሎ ጀምሩ፤ መንገዱ አብዛኛው ቁልቁለት ነው።

አክባሪያችሁ፣
ከአርባ ምንጭ