ሐኪሙ የነደፋቸው ሜዳዎች

ስማኝማ ወዳጄ! “የጎልፍ ሜዳ ሣርና ቀዳዳ ነው፤ ምኑ ይነደፋል?” አልከኝ አይደል? እስቲ አረፍ በልና ላጫውትህ።

መጀመሪያ ላይ እውነትም ነዳፊ አልነበረውም። ጎልፍ ያደገው በስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ፣ ለእርሻ በማይመች አሸዋማ መሬት ላይ ነው። ሣሩን የሚያሳጥሩት በጎችና ጥንቸሎች ነበሩ። በጎቹ ከነፋስ የሚጠለሉባቸው ሥርጉዶች እየሰፉ ሄደው ዛሬ ተጫዋቹን የሚያስጨንቁት የአሸዋ ጉድጓዶች ሆኑ ይባላል። የስኮትላንዷ ከተማ የሴንት አንድሩስ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1764 ከ22 ቀዳዳ ወደ 18 ዝቅ አለ፤ ኋላም ዓለም ይህንኑ ተከተለ።

“የሀብታም ጨዋታ ነው፤ ተወኝ” ትለኝ ይሆናል። ግን የሴንት አንድሩሱ አሮጌ ሜዳ እኮ የሕዝብ መሬት ነው! እሑድ እሑድ ጨዋታው ይቆምና የከተማው ሰው እንደልቡ ይንሸራሸርበታል።

“እና ነዳፊው መቼ መጣ?” ማለትህ አይቀርም። ቶም ሞሪስ የሚባል ኳስ ሠሪና ሜዳ ጠባቂ በ1851 እዚያው ስኮትላንድ፣ ፕሬስትዊክ ላይ 12 ቀዳዳ ያለው ሜዳ አበጀ። በ1860 ኦፕን የሚባለው ታላቅ የጎልፍ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እዚያው ነው። ጨዋታው ከባሕር ርቆ ወደ መሀል አገር ሲገባ ግን ነገር ተበላሸ። መሬቱ ሌላ ሆነና፣ ሜዳውን አቋርጠው የሚያልፉ፣ በመስመር የተለኩ ድርድር ጉድጓዶችና ግንቦች በየቦታው ተኮለኮሉ። ደካማውን የሚቀጡ፣ ዓይንንም የሚያስቀይሙ ነበሩ።

ይሄን ካቃኑት አንዱ ሕግ የተማረው ሃሪ ኮልት ነው። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ሐኪሙ አሊስተር ማኬንዚ ነው። በደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲያገለግል፣ ቦሮች ምሽጋቸውን ከመሬቱ ጋር አመሳስለው እንዴት እንደሚሰውሩ ልብ ብሎ አየ። ያንን ጥበብ ወደ ጎልፍ ሜዳ አመጣው፦ ሰው የሠራው ጉድጓድ ተፈጥሮ ያበጀችው መምሰል አለበት!

በ1920 ባሳተመው መጽሐፍ 13 መመሪያዎችን ዘረዘረ። እኔ የምወድለት አንዱን ነው፤ ሜዳው ለጀማሪውም ደስ ሊለው ይገባል። ደፋሩ ጉድጓዱን ተሻግሮ ይምታ፤ አቅም የሌለው ደግሞ ዞሮ የሚደርስበት መንገድ ይኑረው።

ካሊፎርኒያ ውስጥ በገደል ጫፍ የተዘረጋው ሳይፕረስ ፖይንት የእሱ ሥራ ነው፤ በ1928 ተከፈተ። እዚያ እንዲሠራ ያደረገችው የ1921 የአሜሪካ ሴቶች አማተር ሻምፒዮን ማሪዮን ሆሊንስ ነበረች። ከዝነኛው ጎልፍ ተጫዋች ከቦቢ ጆንስ ጋር ደግሞ ኦገስታ ናሽናል የተባለውን የአሜሪካ ሜዳ ነደፈ፤ ቦታው ቀድሞ የችግኝ ማፍያ ነበር። የሚያሳዝነው ማኬንዚ በጥር 1934 አረፈ፤ ዛሬ ማስተርስ የምንለው ውድድር እዚሁ ኦገስታ ላይ የተጀመረው በዚያው ዓመት መጋቢት ነው።

እናም ወዳጄ፣ ማስተርስን በቴሌቪዥን ስታይ ኳሱን ብቻ አትከተል። መሬቱን እየው፤ የቱ ጋ እንደሚፈትን፣ የቱ ጋ ማለፊያ እንደሚተው አስተውል። ብርቱውን የሚፈትን፣ ደካማውን ግን የማያባርር ሜዳ መሥራት ትልቅ ጥበብ ነው፤ የነደፉትም ሰዎች ስማቸው ከሻምፒዮኖቹ እኩል ሊነሣ ይገባል።