‹ኖክአውት› በአማርኛ ምን ይባል?

በስፖርት ገጽ ላይ ‹ኖክአውት› ችግር የለበትም። ቦክስ ከሆነ ‹በዝረራ አሸነፈ›፣ እግር ኳስ ከሆነ ‹ጥሎ ማለፍ› ብለን ጨርሰናል። የሚያስቸግረው ሌሎች ሁለት ቤቶች ሲገባ ነው፤ አንዱ የፋይናንስ ገበያ፣ ሌላው የጂን ላቦራቶሪ። በአንዱ ቤት ሰው ሳይገባው ይፈርማል፣ በሌላው ሳይገባው ይፈራል። ስለዚህ የቃላት ጨዋታ አድርጋችሁ አትዩብኝ።

ከገበያው ልጀምር። የምኖረው ታኮማ ነው። የአሜሪካን አነስተኛ ኩባንያዎች አክሲዮን የሚከታተለው ‹ራስል 2000› የተባለው መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1984 የተወለደው እዚሁ ነው፤ ድርጅቱ ወደ ሲያትል የሄደው በ2010 ነው። ዛሬ በዚህ መለኪያ ላይ የተንጠለጠሉ፣ ‹ኖክ-ኢን› ያለባቸው የኢንቨስትመንት ወረቀቶች ይሸጣሉ። ወለዳቸው ከተራ ቁጠባ ይሻላል፣ ያማልላል። ታዲያ መለኪያው ከመነሻው፣ ለምሳሌ 30 በመቶ ከወረደ፣ ተኝቶ የነበረ ውል ይነሳና ኪሳራው ያንተ ይሆናል። ለጡረታ ያጠራቀሙ ያገሬ ሰዎች ‹እስቲ አንብብልኝ› ብለው ሲያመጡልኝ ወለዷን በደንብ አይተዋታል። ‹ኖክ-ኢን›ን ግን የወረቀቱ ስም መስሏቸው አልፈውታል።

‹ኖክአውት› ተገላቢጦሹ ነው። አንድ ቡና ላኪ ፓውንዱን በ3 ዶላር የመሸጥ መብት ገዛ እንበል፤ ዋጋው 3.60 ከነካ ግን መብቱ እዚያው ያበቃል። ርካሽ የሆነውም ለዚህ ነው። ዋጋው አንድ ቀን 3.60 ነክቶ በወሩ 2 ዶላር ቢገባ ሰውየው ባዶ እጁን ቀረ። ቡና ደግሞ እንዲህ መዝለል ያውቅበታል፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ኒውዮርክ ላይ ከ4 ዶላር አልፎ ነበር።

ላቦራቶሪው ውስጥ ግን የሚያበቃ ነገር የለም። ጂኑ ሥራ ይፈታል፣ ተክሉ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2022 ጌቱ በየነና ባልደረቦቻቸው የጤፍን ቁመት የሚያስረዝም ጂን ክሪስፐር በተባለው ዘዴ ሥራ ማስፈታታቸውን አሳተሙ። ጤፍ ይህን ጂን በአራት ቅጂ ስለሚይዝ አራቱንም ማግኘት ነበረባቸው። የወጣላቸው አጠር ያለ፣ ቶሎ የማይጋሽብ ጤፍ ነው። ገበሬ ዘመድ ያለው ሰው የዚህን ጥቅም ለማወቅ ማብራሪያ አያሻውም፤ ፍሬ የያዘ ጤፍ በነፋስና በዝናብ መሬት ላይ ሲተኛ ምን እንደሚሆን አይቷል። አሁን ይህን ‹የመከነ ጂን› ብላችሁ ተርጉሙና ገበሬው ዘሩ መካን ነው ብሎ ሲሸሽ ተመልከቱ። ‹የተገደለ ጂን› ካላችሁማ አለቀ!

እንግሊዝኛው አንድ ስለሆነ አማርኛውም አንድ ይሁን የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። አልስማማም። እርግጥ ጤፍ ሲተኛ ‹ጋሸበ›፣ ዋጋ ሲወጣ ‹ግሽበት› እንላለን፤ እሱን ግን ሰው ለምዶታል፣ ማንም አይምታታበትም። አዲስ ቃል ያን ዕድል የለውም።

ለውሉ ሕጋችን ቃል አለው፤ ውል ይጸናል፣ ውል ይፈርሳል። ‹ገደብ ሲነካ የሚፈርስ ውል›፣ ‹ገደብ ሲነካ የሚጸና ውል› ብንልስ? ይረዝማል፤ ይርዘም እንጂ! የሚፈርመው ሰው ሲያነበው ይደነግጣል፣ የምፈልገውም እሱን ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጃንዋሪ 2025 ተመርቋል፤ እንዲህ ያሉ ውሎች አንድ ቀን ሲመጡ ቃሉ ቀድሞ ቢጠብቃቸው ይሻላል።

ለጂኑ ‹ሥራ ያስፈቱት ጂን› ይበቃኛል። የጂን ‹ኖክ-ኢን› ግን እስካሁን አልተመቸኝም። ‹መትከል› አልኩና ችግኝ መሰለብኝ። ላቦራቶሪ የምትሠሩ ልጆች የተሻለ ካላችሁ ጻፉልን።