ከግድቡ እስከ ምጣዱ

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ሕዝብም ቦንድ ገዝቶ ለግንባታው አዋጥቷል። አገራችን ኤሌክትሪክ የምታገኘውም ከሞላ ጎደል ከውሃና ከነፋስ ነው።

ታዲያ የከተማው ነዋሪ ዛሬም ከሰል የሚገዛው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ቆጣሪው ነው። ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። በአንድ ግቢ አምስት ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ የአምስት ድሆች ፍጆታ ተደምሮ የአንድ ባለጸጋ ይመስላል። እንጀራ የምትጋግር እናት በሀብታም ዋጋ ትከፍላለች፤ አከራዩም ምጣድ ይከለክላል። ጫካው የሚያልቀው በዚህ መንገድ ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። መልካም፤ ግን አውቶሞቢል ያለው ስንቱ ነው? የካርቦን ልቀት ቅነሳ ከማድቤት መጀመር አለበት።

ፓርቲያችን ቢመረጥ ታሪፉ በቆጣሪው በሚጠቀሙት ቤተሰቦች ቁጥር ተካፍሎ እንዲሰላ ያደርጋል። ተከራይም በስሙ ቆጣሪ አስገብቶ ዋጋውን በየወሩ ቀስ እያለ ይከፍላል። ወጪው ለጎረቤት አገሮችና ለቢትኮይን ኩባንያዎች ከሚሸጠው ኃይል ገቢ ይሸፈናል። ማመልከቻ ከገባ በኋላ ቆጣሪው የሚገጠምበት ቀንም በሕግ ይወሰናል።